ሕግ የገባበት ኩሽና

የገጠር ሙዚቀኛ ሲሞት የሚጻፈው መታሰቢያ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። «የመጨረሻው እሱ ነበር» ይልና ያለቅሳል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለተማሪዎቼ እየሰጠሁ «ያልተነገረው ምንድን ነው?» እል ነበር። የአየርላንዱ ገበሬ የማርቲን «ጁኒየር» ክሪሃን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው።

ክሪሃን እ.ኤ.አ. በ1908 ተወልደው በ1998 ያረፉ፣ በምዕራብ ክሌር የኖሩ ገበሬ ነበሩ። የመጀመሪያ ዜማዎቻቸውን ኮንሰርቲና ከምትጫወተው እናታቸው ለመዱ፤ ስማቸው የተጠራው ግን በቫዮሊን ነው። እንደኛ አዝማሪ ሽልማት የሚጠብቁ አልነበሩም። ቀን እርሻ፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት ኩሽና ውስጥ ጭፈራ! ዕቃው ወደ ዳር ይገፋል፣ ወለሉ ለእግር ይለቀቃል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልጅም የሚሸኘው እዚያው ነበር።

በ1935 የአየርላንድ መንግሥት የጭፈራ አዳራሽ ሕግ አወጣ። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ጭፈራ ያለ ዳኛ ፈቃድ ተከለከለ። ሕጉ የተጻፈው ለሕዝባዊ ጭፈራ ነው፤ ቄሱና ፖሊሱ ግን የሰው ኩሽና ድረስ ይዘውት ገቡ። ጭፈራው ቄሶቹ ወደሚቆጣጠሩት አዳራሽ ሄደ፣ ቫዮሊኑ ቤት ቀረ። ክሪሃን ራሳቸው ሕጉ ትምህርት ቤታችንን ዘጋብን ብለው አማረዋል። እውነታቸውን ነው፤ ልጅ ዜማ የሚለምደው እዚያ ጥግ ተቀምጦ ነበርና። እንግዲህ «ዘመን አለፈበት» የሚለን መታሰቢያ ዳኛውንም፣ ፖሊሱንም፣ ቄሱንም በነፃ እያሰናበተ ነው።

ከድርሰቶቻቸው በጣም የታወቀው «ጭጋግ የለበሰው ተራራ» የሚባለው ጂግ ነው። ዜማው ይተክዛል፣ ምቱ ግን እግር ይጠራል። አንዳንድ የመድረክ ሰዎች ትካዜውን ብቻ ይዘው ያዘግሙታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ጣታቸውን ሊያሳዩን ያስሮጡታል። ሁለቱም፣ በኔ ጆሮ፣ ያበላሹታል። ጨፋሪ ፊት ለፊቱ የሌለ ተጫዋች ልኩን ከየት ያመጣዋል?

ክሪሃን ቁጭ ብለው አላለቀሱም። የፓይፕ ተጫዋቹ ዊሊ ክላንሲ በ1973 ሲሞቱ፣ በዚያው ዓመት በሚልታውን ማልቤይ በስማቸው የክረምት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጀማሪዎቹ አንዱ እኚሁ ገበሬ ነበሩ። ዛሬም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከየአገሩ ቫዮሊን ያነገተ ወጣት ወደዚያች ትንሽ ከተማ ይጎርፋል። ጭፈራም ይማራል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም።