ሳክስፎን ሲሸልል፦ የጌታቸው መኩሪያ የቀድሞ ቅጂዎች ከጣና ዳር ሲደመጡ

«ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የአልበም ስብስብ 14ኛ ቅጹን ለሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ሰጥቷል። አዘጋጁ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ አሳታሚው የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ነው። የዲስኩ መሠረት ጌታቸው በ1972 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው የፊሊፕስ ሸክላ ነው። ስለዚህ ሥራ ውጭ አገር ሲጻፍ ጌታቸው ብዙ ጊዜ ከአሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ኦርኔት ኮልማን ጎን ይቆማል፤ ነፃ ጃዝ ስሙን ሳያገኝ ነፃ ጃዝ የተጫወተ ሰው ተብሎ ይወደሳል። ንጽጽሩ የአክብሮት ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚያደምጥ ሰው ግን የዚህ ድምፅ ዘር ማንዘር እዚሁ ነው።

ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለደ። ሳክስፎን ከመያዙ በፊት ማሲንቆና ክራር ያውቅ ነበር። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ዘለቀ። በ1950ዎቹ በቴኖር ሳክስፎን መሸለል ያዘ፤ ጎፈር ደፍቶ እንደ አርበኛ ለብሶም መድረክ ይወጣ ነበር። ልብሱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ሽለላ የሚሰማው ከነአቋሙ ነውና።

በጣና ዙሪያ ባሉ የጎጃምና የጎንደር ገጠሮች ሰርግ ሲደምቅ ወይም ጀግና ሲለቀስ አንዱ ብድግ ይላል። ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ሲያቅራራ ዜማውን የሚለካው በትንፋሹ ነው፤ ከበሮ አይጠብቅም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለቅቀዋል፣ እዚያው ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ይጥለዋል። «አካኪ ዘራፍ» ሲል ሰዉ ይነሣሣል። አሁን «ሽለላ» የሚለውን የጌታቸውን ሙዚቃ ማድመጥ ነው። ሳክስፎኑ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፤ ድምፁ በጉሮሮ እንደወጣ ሁሉ ይሻክራል፣ በሰፊው ይርገበገባል፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ያ ሻካራነት የአነፋፍ ጉድለት ሳይሆን የፎካሪው ጉሮሮ ነው። በዚሁ አልበም ውስጥ «አምባሰል»ና «አንቺሆዬ» አሉ፤ እነሱም ውስጥ ቢሆን ያው አቅራሪ አለ፣ ረጋ ብሎ።

ጌታቸው ይህን ሸክላ ባወጣበት በ1972 የእንግሊዝ በርሚንግሃሙ የሮክ ባንድ ብላክ ሳባዝ አራተኛ አልበሙን አወጣ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የጣቶቹን ጫፍ ያጣ ሰው ነው፤ ክሩ እንዲላላለት ቃናውን ዝቅ አድርጎ ቃኘ፣ ከባዱ የሜታል ድምፅም ከዚያ ብዙ አገኘ። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ አንዱ ከሌላው አልወሰደም። የሚያገናኛቸው ለስላሳ ድምፅ የማይችለውን ነገር በሻካራ ድምፅ መናገራቸው ነው።

የሆላንዱ የፐንክ ባንድ ዘ ኤክስ ይህን በጆሮው ያገኘው ይመስላል። በ2004 ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘው፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ጊታሮቹ ለሽማግሌው ብለው አልለዘቡም፤ እንዲያውም በኃይል ይፋጫሉ፣ ሳክስፎኑም ከላያቸው ይፎክራል። ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ 14ኛውን ቅጽ በትክክል ያነበበው ይህ አልበም ነው። ጌታቸው በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ከባንዱ ጋር ያለው ወዳጅነት አልተቋረጠም።

የፋልሴቶ ውለታ ትልቅ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊ የሌሊቱ መድረክ ሲዳከም፣ ሸክላውም ለካሴት ቦታ ሲለቅ የጠፋ የሚመስለውን ሙዚቃ አንሥቶ ለልጅ ልጆች አድርሷል። ሆኖም «ወርቃማ ዘመን» የተባለው ከ1969 እስከ 1975 ያለው መስኮት የሚያሳየው በአብዛኛው የአዲስ አበባን የምሽት ክበብ ነው። ባንዶቹ ዜማ የቀዱባቸው አዝማሪዎችና አቅራሪዎች ከመስኮቱ ውጭ ቀርተዋል። ጌታቸው ስሙ ተጻፈ፤ መጀመሪያ በጆሮው የገባው ሽለላ የማን እንደነበር ግን አልተጻፈም።

ይህን ማስተካከል የፓሪስ አሳታሚ ሥራ አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም አለ። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን የቀድሞ ቅጂዎችም ሆኑ በየሰው ቤት ያሉ የሰርግ ካሴቶች ተሰብስበው እንደ 14ኛው ቅጽ በክብር መታተም ይገባቸዋል፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የአቅራሪው ስም፣ ወረዳውና ያቅራራበት ምክንያት ተጽፎ።