ለመልስ መንገድ የሚሆን ፊን

ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሠፈር በተከራየሁት ግቢ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ሦስት ጥንድ ፊን፣ ማለትም የጠላቂ የእግር መቅዘፊያ፣ በጥላ ተጋድሞ ይከርማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በርበራ ለመድረስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ ያስፈልጋል። አከራዬ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ተሰደው ኢትዮጵያ ስለቆዩ ጥቂት አማርኛ ያውቃሉ። ኤዶ (አክስቴ) እላቸዋለሁ። ከባሕር በተመለስኩ ቁጥር ጨዉን ሳጥብ ያዩኛል።

«ልጄ፣ ይሄ ጫማህ ከፍየሎቼ የበለጠ ውኃ ይጠጣል።»

እውነታቸውን ነው። እዚህ ውኃ በመኪና ይመጣል፣ በበርሜል ይገዛል።

መጥለቅ የሚማሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ፈጣኑ ፊን የትኛው ነው?» ብለው ነው። እኔም ስጀምር የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። አሁን ሐሙስ ማታ ሻንጣ ሳዘጋጅ የማስበው ስለ መልስ መንገዱ ነው፤ ደክሞኝ፣ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ የትኛው ውኃ ላይ እሆናለሁ?

በርበራ ጀልባ የለኝም፤ ባታላሌ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከአሸዋው ተነሥቼ በእግሬ ነው የምገባው። አሸዋው በቀትር ይጠብሳል፣ ድንጋዩ ሥር የባሕር ጃርት ይኖራል። ስለዚህ ቡት ላይ የሚጠለቅ፣ ተረከዙ ክፍት የሆነ ፊን ግድ ነው። እዚህ ድረስ ማንም ሻጭ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ የክብደቱን ነገር ነው። ውኃው ሞቃት ስለሆነ የምለብሰው ስስ ልብስ ነው፤ ስስ ልብስ ደግሞ እግርን አያንሳፍፍም። በዚያ ላይ ከባድ የጎማ ፊን ከተጨመረበት እግር ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ሰውነት እንደ ባሕር ፈረስ ቆሞ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ምትም አሸዋ ይቆሰቁሳል። ከኋላ የሚመጣው ጓደኛዬ የሚያየው አቧራ ብቻ ይሆናል። ለበርበራ የምይዘው ቀላሉን የፕላስቲክ ፊን ነው።

ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ የገባሁት ከጀልባ የወደቀ ሞተር ፍለጋ ነበር። ውኃው ቡናማ ነው፤ ክንዴን ዘርግቼ ጣቶቼን ማየት አልቻልኩም። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልብስና ቡት ለብሼ፣ ቀላሉን ፊን አጥልቄ ስገባ እግሬ ወደ ላይ ተነሣ፣ ጭንቅላቴ ወደ ደለሉ ተተከለ። ጨው የሌለው ውኃ ከባሕር ያነሰ ስለሚያንሳፍፍ ከወገቤ 2 ኪሎ ያህል እርሳስ አስቀድሜ ቀንሼ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የወገቤ አልነበረም፣ የእግሬ ነበር። በማግስቱ ከጎማ የተሠራውን፣ አጭሩንና ደንዳናውን አጠለቅሁ። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው፣ ምላሱ (ጠፍጣፋ መቅዘፊያው) ላይ ቀዳዳ ያለው የጄት ፊን ዓይነት ነው፤ ጥንዱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። ያ ክብደት እግሬን አስተካከለልኝ። ምቱንም ቀየርኩ፤ ወደ ላይና ወደ ታች መርገጡን ትቼ እንደ እንቁራሪት ጉልበቴን አጥፌ በእግሬ መዳፍ ውኃውን ወደ ኋላ ገፋሁት። እንዲህ ሲሆን ደለሉ ባለበት ይተኛል። ሞተሩን በእጄ ዳሰሳ አገኘሁት።

ሦስተኛው ጥንድ ምላሱ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነው። ጉልበቴን አሞኝ በነበረበት ወቅት ገዛሁት፤ በተኛ ውኃ ላይ በእርግጥም ጉልበት አያደክምም። ከዚያ ጅቡቲ ወሰድኩት። ጉቤት የሚባለው የባሕር ክንድ አፉ ጠባብ ነው፤ ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር ውኃው በዚያች በር ይጣደፋል። ፍሰቱ ካሰብነው ሰዓት ቀድሞ ተገለበጠ። ስመታ ስመታ ከጎኔ ያለው ድንጋይ አይንቀሳቀስም። የተሰነጠቀው ምላስ ይርገበገባል እንጂ ውኃውን አይጨብጥም፤ እኔ ደግሞ በንዴት ምቱን አፈጠንኩ። የቀኝ ባቴ ተኮማተረ። ወርጄ ድንጋዩን ያዝኩ፤ ከወለሉ አጠገብ ፍሰቱ ይላላል። ከዚያ ለቅቄ ወደ ላይ ወጣሁ፣ የመጣንባት ጀልባም ፍሰቱ ከወሰደኝ ቦታ አነሣችኝ።

ብዙ ጊዜ ፊኑን ስወቅስ ኖሬአለሁ። በከፊል ተሳስቼ ነበር። ሲሊንደር የተሸከመ ሰው 1 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ፍሰት ለብዙ ደቂቃ መቋቋም ይቸግረዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ የትኛውም ፊን አያድንም። ከዚያ በታች ሲሆን ግን ልዩነት አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደንዳናውን ሁሉ ብርቱ አድርጎ በማየት ነው። ምላሱ ከባት ጡንቻ በላይ ከደነደነ የሚጎነበሰው ፊኑ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ አየርም በከንቱ ያልቃል። ሱቅ ውስጥ በእጅ እያጠፉ መሞከር ለእኔ ትርጉም የለውም። እኔ የምሞክረው በጀርባዬ ተንሳፍፌ፣ ነፋስን ተቃውሜ፣ 10 ደቂቃ በመምታት ነው።

በርበራ ለዚህ ፈተና የተሠራች ትመስላለች። ከሰኔ ጀምሮ ኸሪፍ የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ አቅሙ ያለው ነዋሪ ወደ ደጋው ይሸሻል። ውኃው ከዳር ሲታይ ሰላማዊ ነው፣ ምክንያቱም ነፋሱ ከጀርባ ነው። መሄዱን እሱ ያግዛችኋል። መመለሱ የእናንተ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ የጎማ ማሰሪያዬ በሙቀት ደርቆ ኖሮ ገና ውኃው ዳር ብጥስ ብሎ አዳነኝ እላለሁ፤ መሀል ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ፊን ነበር የምመለሰው። ዛሬ ሁሉም ማሰሪያዬ የብረት ሽቦ ጥምጥም ነው።

ዓርብ የመጨረሻውን መጥለቅ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጨርሼ ብወጣ፣ የዚያኑ ማታ ሐርጌሳ አልገባም። ከውኃ በታች ሰውነቴ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ገና አልወጣም፤ መንገዱ ደግሞ ወደ ተራራ ነው። ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በርበራ እቆያለሁ፤ ፊኖቹን ምላሳቸው እንዳይጎብጥ አጋድሜ፣ እኔም አጠገባቸው ላቤን እየጠረግሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሳፋ ይዤ ቁጭ እላለሁ። ኤዶ የበርሜሉን ክዳን ያነሡና የውኃውን ልክ በዓይናቸው ይለካሉ።

«ዛሬ ስንት ጫማ ነው?»

«አንድ ጥንድ ብቻ።»

ግማሽ ጆግ ቀድተው ይሰጡኛል።