ኤለን ቴሪ፦ ከተሰጥኦ ጀርባ ያለው ሥራ

ኤለን ቴሪ (1847–1928 እ.ኤ.አ.) በሼክስፒር ሴት ገጸ ባሕርያት አጨዋወቷ ስሟ የገነነ እንግሊዛዊት የመድረክ ተዋናይት ናት። በዘመኗ የነበሩ ሐያስያን አብዛኞቹ ስኬቷን በመልኳ፣ በድምጿ ቃናና በእንቅስቃሴዋ ለዛ ያብራሩት ነበር፤ ያለ ጥረት የሚፈስ የተፈጥሮ ስጦታ አድርገው አዩት። ትታው የሄደችው ማስረጃ ግን ከዚህ ፍርድ ጋር አይስማማም። በየኅዳጋቸው ማስታወሻ የሞላባቸው የተውኔት ቅጂዎቿ፣ ግለ ታሪኳና በስተእርጅናዋ ያቀረበቻቸው ትምህርታዊ ንግግሮች፣ ከዚያ ለዛ ጀርባ ረጅም ሥልጠና፣ ብርቱ ጥናትና የራሷ የሆነ የሼክስፒር አረዳድ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ይህ ዳሰሳ የመድረክ ሕይወቷን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እየተከተለ ያንን ሥራ ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመድረክ ልጅነት

ወላጆቿ ቤንጃሚን ቴሪና ሣራ ባላርድ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱ ተዋንያን ነበሩ። እሷም የተወለደችው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1847 በኮቨንትሪ ከተማ፣ ቤተሰቡ ለሥራ በሄደበት በተከራየው ማረፊያ ነው። ከልጆቹ መካከል ኬት፣ ማሪየን፣ ፍሎረንስና ፍሬድም የወላጆቻቸውን ሙያ ይዘዋል። መደበኛ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አላየችም፤ ንባብንም አነጋገርንም ያስተማሯት ወላጆቿ ናቸው፤ በተለይ አባቷ የቃላት አወጣጧን በጥብቅ ያርም ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን መድረክ የታየችው ኤፕሪል 28 ቀን 1856፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ቻርልስ ኪን በሚመራው የፕሪንሰስ ቴአትር፣ «የክረምት ተረት» በተሰኘው የሼክስፒር ተውኔት የትንሹን ልዑል የማሚሊየስን ቦታ ይዛ ተጫወተች። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ተገኝተው ነበር። በዚያ ምሽት በጥንታዊ ግሪክ አምሳል የተሠራ የአሻንጉሊት ጋሪዋ እጀታ አደናቅፎ ጣላትና አምርራ አለቀሰች። ተውኔቱ ግን 102 ሌሊት ሲታይ እሷ አንድም ምሽት አልቀረችም።

የኪን ቡድን ለልጅ ተዋናይ የሚራራ አልነበረም። የኪን ባለቤት ኤለን ኪን በልምምድ ጊዜ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ስሕተት ባዩ ቁጥር ትልቅ የእጅ ደወል እየደወሉ ሥራውን ያስቆሙ ነበር። አናባቢን አጥርቶ መጥራትን፣ ትንፋሽን መቆጣጠርን፣ ድምፅን ሳይጮኹ እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስን ትንሿ ልጅ የቀሰመችው እዚህ ነው። «የበጋ ሌሊት ሕልም» በታየበት ወቅት ፐክን ሆና ስትጫወት የመድረኩ ወለል መዝጊያ የእግሯን ጣት ቀርጥፎ ሰበረው። ወይዘሮ ኪን ተውኔቱን ከጨረሰች ደመወዟን እጥፍ እንደሚያደርጉላት ቃል ገቡ፤ ሥቃዩን ችላ ጨረሰች፤ በሳምንት 15 ሺሊንግ የነበረው ክፍያዋም 30 ሆነ። ሐያስያን በኋላ ተፈጥሮ ያሉት ነገር ከባዱ ክፍል የተገነባው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ከመድረክ መራቅና መመለስ

በ1862 እና 1863 በብሪስቶል፣ ቀጥሎም በለንደን ሄይማርኬት ቴአትር ከሠራች በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1864 ሠዓሊውን ጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስን አገባች። 17 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር፤ ሙሽራው 46 ዓመቱ ነው። ጋብቻው ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ከዚያ ዘመን ከቀሩት ሥዕሎች አንዱ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕለ ገጽ ሙዚየም የሚገኘው፣ በካሜልያ አበባ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትታይበት ሥራ ነው። በሠዓሊው ቤት የቀሰመችው የቀለም፣ የጨርቅና የአቋቋም ዕውቀት በኋላ በመድረክ አለባበሷ በግልጽ ይታያል።

ወደ ቴአትር ተመልሳ በ1867 መጨረሻ ከተዋናዩ ሄንሪ ኢርቪንግ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መድረክ ብትጫወትም፣ ሁለቱም ያንን ምሽት እንደ ታላቅ ነገር አልቆጠሩትም። በቀጣዩ ዓመት ከአርክቴክቱ ኤድዋርድ ዊልያም ጎድዊን ጋር ለመኖር ቴአትርን ትታ ወደ ሃርትፎርድሺር ገጠር ሄደች። ከዋትስ ጋር ገና በሕግ ስላልተፋታች ይህ ውሳኔ በዚያ ዘመን ማኅበረሰብ ዘንድ ብርቱ ነቀፋ የሚያስከትል ነበር። ልጆቿ ኤዲትና ኤድዋርድ ጎርደን ክሬግ የተወለዱት በዚህ ስድስት ዓመት ውስጥ ነው።

በ1874 የመለሳት ዕዳ ነው። ደራሲው ቻርልስ ሪድ በገጠር መንገድ ላይ በአጋጣሚ አግኝቷት እንድትመለስ ሲጠይቃት፣ በሳምንት 40 ፓውንድ ካልተከፈለኝ አልመለስም አለች፤ እሱም ሳያመነታ ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት በባንክሮፍት ባልና ሚስት ቴአትር «የቬኒሱ ነጋዴ» ሲዘጋጅ ፖርሺያን ሆነች። የመድረኩን ንድፍ ያማከረው ጎድዊን ነበር። ዝግጅቱ ብዙ ሳይቆይ ከመድረክ ቢወርድም የፖርሺያ ገጸ ባሕርይ ስሟን አስጠራ። ከጎድዊን ጋር የነበራት ኑሮ ግን በዚያው ዓመት አበቃ። በ1877 ከዋትስ ጋር ፍቺው በሕግ ጸንቶላት ቻርልስ ኬሊ የሚል የመድረክ ስም የነበረውን ተዋናይ አገባች፤ ከእሱም በ1881 ተለየች። በ1878 በኮርት ቴአትር «ኦሊቪያ» በተሰኘው ተውኔት ያገኘችው ተወዳጅነት ለቀጣዩ ታላቅ ምዕራፍ በር ከፈተ።

ሊሲየም፦ የአንድ ሽርክና ትርፍና ዋጋ

ሄንሪ ኢርቪንግ በ1878 የሊሲየም ቴአትርን ተረክቦ ዋና ተዋናይም ዋና አዘጋጅም ሲሆን፣ ቴሪን ዋና ተዋናይት አድርጎ ቀጠራት። ዲሴምበር 30 ቀን 1878 በ«ሐምሌት» ኦፊሊያን ሆና ወጣች። ከዚያ ምሽት እስከ 1902 የዘለቀው የሁለቱ ሽርክና በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ትልቁ የቴአትር ኃይል ሆነ። «የቬኒሱ ነጋዴ» በ1879 ተከፍቶ 250 ጊዜ ታየ፤ «በከንቱ ብዙ ጫጫታ» በ1882 ቢያትሪስን የዘመኑ ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ አደረጋት። ቡድኑ ከ1883 ጀምሮ በተደጋጋሚ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተጉዟል። የቴሪ ክፍያ በሳምንት እስከ 200 ፓውንድ ደርሶ ነበር።

የሽርክናው ባሕርይ ግን ከኦፊሊያ ጀምሮ ይታያል። ቴሪ ለዚህች ገጸ ባሕርይ ዝግጅት የአእምሮ ሕሙማን ወደሚኖሩበት ተቋም ሄዳ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ሁኔታ እጅግ የተጋነነ ስለመሰላት ለትወና የሚጠቅማት አላገኘችም። ልትወጣ ስትል ግን ግድግዳው ላይ ዓይኗን ተክላ፣ ፊቷ ባዶ ሆኖ፣ አንዳች ነገር የምትጠብቅ የምትመስል ወጣት አየች፤ ወጣቷ በድንገት እጆቿን ወደ ላይ ሰድዳ ክፍሉን አቋርጣ ሮጠች። ኦፊሊያን የሠራችው በዚያ ዝምታና በዚያ ድንገተኛ እንቅስቃሴ ላይ ነው። በአለባበስም የራሷ ሐሳብ ነበራት፤ በእብደቱ ትዕይንት ጥቁር ልትለብስ አቅዳ ነበር። የኢርቪንግ አማካሪ የነበረው አንጋፋ ተዋናይ ዋልተር ሌሲ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ በዚያ ተውኔት ጥቁር መልበስ ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሐምሌት ነው። ቴሪ ነጭ ለበሰች። ኢርቪንግ ለሌሎቹ ተዋንያን ሰፊ ልምምድ ሲያደርግ ከእሷ ጋር ያሉትን ትዕይንቶች በበቂ ሁኔታ አልተለማመደም። በመክፈቻው ምሽት የራሷ ክፍል እንዳለቀ፣ ወድቄያለሁ ብላ የመጨረሻውን ጭብጨባ ሳትጠብቅ ከቴአትር ቤቱ ወጣች። ታዳሚው ግን ወዷታል።

ይህ ክስተት ለ24 ዓመታት የዘለቀውን አሠራር በትንሹ ያሳያል። የመድረኩ ብርሃን፣ ቀለምና አደረጃጀት የሚዋቀረው ኢርቪንግን ማዕከል አድርጎ ነው፤ የሚመረጠውም ተውኔት ለእሱ የሚሆን ትልቅ ቦታ ያለው ነው። በዚህ ምክንያት ቴሪ ለሮዛሊንድ ሁሉን ያሟላች ተዋናይት መሆኗ እየተመሰከረላት ይህች ገጸ ባሕርይ የምትገኝበት «እንደ ወደዳችሁት» በሊሲየም ሳይዘጋጅ ቀረ፤ ተውኔቱ ለኢርቪንግ የሚመጥን ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም። እሷም ይህን ሁልጊዜ ትቆጭበት ነበር። ከ1895 እስከ 1898 የቴአትር ሐያሲ የነበረው ጆርጅ በርናርድ ሾው፣ ኢርቪንግ ይህችን ተዋናይት ዝቅተኛ በሆኑ ሜሎድራማዎች እያባከናት ነው ብሎ በተደጋጋሚ ጽፏል። ሾውና ቴሪ በአካል ሳይተዋወቁ ለዓመታት ደብዳቤ ተለዋውጠዋል፤ በ1896 የሼክስፒር ገጸ ባሕርይ የሆነችውን ኢሞጀንን ለመጫወት ስትዘጋጅ በቃለ ተውኔቱ አቆራረጥና በየትዕይንቱ ስሜት ላይ ያደረጉት ውይይት በራሱ የሼክስፒር ሂስ ነው።

ሆኖም የሾው ክስ ሙሉውን እውነት አይዝም። ሊሲየም የሰጣት ነገር ቀላል አልነበረም፦ አስተማማኝ ገቢ፣ የሰለጠነ ቡድን፣ ከፍተኛ የመድረክ ጥበብና ብዙ ተመልካች። ሁለት ልጆች ያለ አባት ለምታሳድግ ተዋናይት ይህ ብርቱ መደገፊያ ነበር። ሽርክናው ዝናዋን ገነባ፤ የምትጫወታቸውን ገጸ ባሕርያት ወሰን ደግሞ አጠበበ። ሁለቱንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ሌዲ ማክቤዝ

የቴሪ አረዳድ ጎልቶ የታየው ዲሴምበር 29 ቀን 1888 በተከፈተው «ማክቤዝ» ነው። የዘመኑ ተመልካች ሌዲ ማክቤዝን የሚለካው በቀደመው ትውልድ ታላቅ ተዋናይት በሣራ ሲደንስ አስፈሪ ግርማ ነበር። ቴሪ በተውኔቱ ቅጂ ኅዳግ ላይ መስመር በመስመር እየጻፈች ሌላ ሴት ሠራች፦ ባሏን የምትወድ፣ ለእሱ ሹመት ስትል ራሷን ለክፋት የምታስገድድ፣ ከግድያው በኋላ ግን ጉልበቷ እየከዳት የምትሄድ ሴት። የማክቤዝን ደብዳቤ ስታነብ ደስታዋ የሚስት ደስታ ነበር፤ በእንቅልፍ ልብ በምትሄድበት ትዕይንት የሚታየው ውድቀት ከመጀመሪያው የተዘጋጀ ነበር።

ቀሚሱም ይህንኑ ትርጓሜ ያገዘ ነበር። አሊስ ኮሚንስ ካር ነደፈችው፤ የልብስ ባለሙያዋ አዳ ኔትልሺፕ አረንጓዴ ሐርና ሰማያዊ የብረት ክር አጣምራ፣ ከሩቅ የሰንሰለት ጥሩር እንዲመስል በኪሮሽ ሠራችው፤ በላዩም አረንጓዴ የሚያብለጨልጩ የጥንዚዛ ክንፎች ተሰፉበት። በመድረኩ ብርሃን ሴትዮዋ ስትንቀሳቀስ እንደ እባብ ቆዳ ያንጸባርቅ ነበር። ሠዓሊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1889 በዚሁ ልብስ ሳላት፤ በሥዕሉ ዘውዱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ በራሷ ላይ ልትደፋ ነው። ይህ አኳኋን በዝግጅቱ ውስጥ አልነበረም፤ ሠዓሊው የፈጠረው ነው። ሥዕሉ ዛሬ በቴት ብሪተን ይገኛል።

ሐያስያን ተከፋፈሉ። አንዳንዶቹ ገጸ ባሕርይዋ ከሚገባው በላይ ለስልሳለች አሉ። ተውኔቱ ግን ከ150 ጊዜ በላይ ታየ። ዛሬ ሌዲ ማክቤዝን ከክፉ ጭራቅነት አውጥቶ እንደ ሰው ማሳየት የተለመደ ስለሆነ፣ ያኔ እንደ ድክመት የተቆጠረው አረዳድ ወደፊት የሚመለከት ነበር ማለት ይቻላል።

በራሷ መድረክ

ሊሲየም በገንዘብ ችግር እየተዳከመ ሲሄድ በ1902 ሽርክናው አበቃ። በ1903 የኢምፒሪያል ቴአትርን ራሷ ተከራይታ የኢብሰንን «ቫይኪንጎች» በልጇ በጎርደን ክሬግ ንድፍ አቀረበች። ከላይ የሚወርደው ብርሃንና ጌጥ የተቀነሰለት መድረክ በኋላ ለአውሮፓ ቴአትር መንገድ ያሳየ ቢሆንም፣ ያኔ ያተረፈላት ኪሳራ ነው። በ1906 ሾው ለእሷ ብሎ የጻፈውን «የካፒቴን ብራስባውንድ መለወጥ» ተጫወተች፤ በዚያው ዓመት በልጅነቷ ማሚሊየስን የሆነችበትን «የክረምት ተረት» ተመልሳ የልዑሉን እናት ሄርማዮኒን ሆነች። ጁን 12 ቀን የመድረክ ሕይወቷ 50ኛ ዓመት በድሩሪ ሌን ቴአትር ሲከበር ተዋናይቷ ኤሌኖራ ዱዜና ዘፋኙ ኤንሪኮ ካሩሶ ሳይቀሩ ተሳትፈዋል። በ1907 አሜሪካዊውን ተዋናይ ጄምስ ካሩን አገባች፤ ይህም ጋብቻ ብዙ አልቆየም። ግለ ታሪኳ በ1908 ታተመ።

ከ1910 በኋላ በብሪታንያና በአሜሪካ፣ ቀጥሎም በ1914 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ እየተዘዋወረች ያቀረበቻቸው የሼክስፒር ንግግሮች የሥራዋ ጫፍ ናቸው። አራቱ ንግግሮች በሼክስፒር ሕፃናት፣ በአሸናፊ ሴቶቹ፣ በአሳዛኝ ሴቶቹና በተውኔቶቹ ውስጥ ባሉ ደብዳቤዎች ላይ ያተኩራሉ። ቴሪ በእነሱ ውስጥ ታስተምራለች፣ ትከራከራለች፣ ወዲያውም ትጫወታለች። የሼክስፒር ሴቶች ብርታት ያገኙት በወንድ ልጆች ስለተተወኑ ነው የሚለውን አባባል ተቃውማ፣ ብርታቱ ይበልጡን በደራሲው ዘመን ስለ ሴቶች ይስፋፋ ከነበረው ነፃ አስተሳሰብ የመጣ ነው ትላለች። ዴዝዴሞናን ደካማ አድርገው የሚያዩትንም ትሞግታለች፤ የአባቷን ፈቃድ ጥሳ የምታገባ ሴት ብርቱ ልብ አላት። ሙሉ ተውኔቱን ያልተጫወተችውን ሮዛሊንድንም በቁንጽል ተጫወተች። ዓይኗ እየደከመ ስለሄደ ጽሑፉን በትላልቅ ፊደላት አዘጋጅታ ታነብ ነበር። ንግግሮቹ በ1932፣ ከሞተች በኋላ ታትመዋል።

ፍጻሜና ትሩፋት

በ1919 በ«ሮሚዮና ጁልየት» ሞግዚቷን ተጫወተች። በ1925 የዴም ማዕረግ ተሰጣት፤ በትወና ሥራቸው ይህን ክብር ካገኙ ተዋንያት ሁለተኛዋ ናት። ጁላይ 21 ቀን 1928 በኬንት ክፍለ ሀገር፣ ስሞልሃይዝ በሚገኘው ቤቷ አረፈች። ልጇ ኤዲት ክሬግ ቤቱን በ1939 ለብሔራዊ ቅርስ ጥበቃ ማኅበር አስረከበች፤ የጥንዚዛ ክንፍ ቀሚሱም ሰፊ ጥገና ተደርጎለት በ2011 ወደዚያው ተመልሷል። ኤዲት በዝግጅትና በአልባሳት፣ ጎርደን ክሬግ በመድረክ ንድፍ ንድፈ ሐሳብ፣ የእህቷ የኬት ልጅ ልጅ ጆን ጊልጉድ ደግሞ በትወና የቤተሰቡን ሙያ ወደ 20ኛው ምዕት ዓመት አሻግረዋል።

በአጠቃላይ ሲመዘን፣ ኤለን ቴሪን በውበቷና በለዛዋ ብቻ የሚያስታውስ ታሪክ ሥራዋን ግማሽ ያደርገዋል። ሊሲየም ለብቻዋ የምትመርጠውን መድረክ ባይሰጣትም፣ በተሰጣት ገጸ ባሕርይ ሁሉ ውስጥ የራሷን አረዳድ አስገብታለች፤ ዕድሉን ስታገኝ ደግሞ በንግግሮቿ በግልጽ ተናግራዋለች። በኅዳግ የቀሩት ማስታወሻዎቿና የታተሙት ንግግሮቿ በሼክስፒር ሂስ ታሪክ ውስጥ የተዋናይት ንባብ እንደ ሐያሲ ንባብ እኩል ሊቆጠር የሚገባው ዕውቀት መሆኑን ያረጋግጣሉ።