የአራዳ ሐውልቶችና ያልተጻፉት ስሞች

መጽሐፍ የሚመረምር ሰው የተጻፈውን አንብቦ የተዘለለውን ይጠይቃል። ሐውልትን የሚመለከትም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። እኛም አራዳንና ፒያሳን በዚህ ዐይን ለማየት ተነሥተናል።

በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ተቀምጠው ይታያሉ። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ነቅሎ ቀበረው፤ ከድል በኋላ ግን ከስፍራው ተመለሰ። ከዚያም ጥቂት ራቅ ብሎ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። እርሱም ለባቡር መንገድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። የሁለቱ መመለስ ሕዝቡ እንደማይረሳቸው ያስረዳል።

የፊት እግሮቹን አንሥቶ የቆመው ፈረስ የሠሪውን ጥበብ ያስመሰግናል። ነገር ግን ፈረሱን የተከተለው እግረኛ ወዴት አለ? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከወደቁት መካከል የፊታውራሪ ገበየሁና የፊታውራሪ ዳምጠው ስም ይነሣል። ስንቁን ተሸክሞ ከየአገሩ የዘመተው ባላገር ግን በሺህ ሲወድቅ ስሙ ከእርሱ ጋር ቀረ። የአካባቢያችን መጠሪያ እንኳ የታላላቆች ነው፤ ራስ መኰንን ድልድይ፥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፥ ደጃች ውቤ ሰፈር እንላለን።

በሐውልት ሠሪዎቹ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። የዐድዋ ጦር በክተት ዐዋጅ ተጠርቶ በየአለቃው ሥር የተሰለፈ እንጂ በአንድ የስም መዝገብ የተያዘ አልነበረም። ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ መደበኛ ጦር ስለ ነበረ የሟቾቹ ስም ተጠብቋል። ስለዚህ በቡሳን ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የ122 ኢትዮጵያውያን ስም በድንጋይ ተቀርጾ ይነበባል። የባሕር ማዶ ድንጋይ የወታደራችንን ስም ሲያውቅ የአራዳ ድንጋይ አለማወቁ ሊያሳስበን ይገባል።

አራዳ ወታደሮቿን ፈጽማ ረስታለች ግን አንልም። የካቲት 23 ቀን የጊዮርጊስ ዕለትና የድሉ በዓል በአንድነት ይውላሉ፤ ሕዝቡም ከሐውልቱ ሥር ተሰብስቦ ይሸልላል፥ ይፎክራል። ክርስቲያኑ በተዝካር፥ ሙስሊሙም በዱዓ ሙታኑን ያስባል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መታሰቢያ የሚጸናው ስሙን የሚያውቅ ዘመድ እስካለ ድረስ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ፤ ይህን የሚያህል ሕንፃ ለድሉ መቆሙ ደስ ያሰኛል። በዚያው ዓመት ደግሞ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ለልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደየሰፈሩ ተበትነዋል። «አያቴ ዐድዋ ዘምቶ በዚያው ቀረ» የሚሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ከጎረቤታቸው ሲለያዩ፥ ወሬውን ሰምቶ የሚያቆይ ጎረቤትም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ስለ ዐድዋ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን ወደ ቤቱ ይላከው፤ የዘመተውን ሰው ስም፥ የወጣበትን አገርና ወሬውን የነገረውን ሰው ጠይቆ ይጻፍ። ባለሥልጣኖቻችንም ለዚህ የሚሆን የሕዝብ መዝገብ ያቁሙ። በቃል የተገኘው ስም «በቃል የተገኘ» ተብሎ ይመዝገብ፤ ታሪክን ከግምት ለመለየት ይህ ይበቃል። ከመቶ ዘማች የአንዱ ስም ብቻ ቢገኝ እንኳ፥ ያ አንዱ ከዛሬ ጀምሮ ስም አልባ አይባልም።