ጌሾን ከፍሬው

የጌሾ ቅጠል ፊቱና ጀርባው አንድ አይደለም። ፊቱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ቅቤ የነካው ያህል ያብለጨልጫል። ጀርባው ፈዘዝ ይላል፣ ሥሮቹም ጎልተው ይታያሉ። ጠርዙን በጣት ጫፍ ቢዳስሱት ደቃቅ ጥርስ አለው። ጠላ ሲቀርብ የሚመሰገነው የጠማቂዋ እጅ ነው፤ ጌሾውን ከፍሬ አንሥታ ቁጥቋጦ ያደረገችውን ሴት ግን ማንም አያነሣትም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጓሮዎች ጌሾን ተጠግቶ ላየ ሰው፣ ከጋኑ በፊት ሌላ ረጅም ሙያ እንዳለ ግልጽ ነው።

አገሩ ለጌሾ የሚመችም የሚያስቸግርም ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጌሾ ወይና ደጋውን ይወዳል፤ ደጋውንም ይችላል፤ ነገር ግን ከዚህ ብዙ ከፍ ብሎ አይዘልቅም። ስለዚህ በላይ ጋይንት የጌሾ ቦታ የሚመረጠው ለውርጭ ታስቦ ነው፦ ቤቱ ነፋሱን የሚከልልበት፣ ግድግዳው ቀን የሞቀውን ለሌሊት የሚያቆይበት ጥግ። ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ሲወረድ ብርዱ ይለዝባል፤ በበሽሎና በዓባይ በኩል ወደ ቆላው ሲዘለቅ ደግሞ ችግሩ ውሃ ይሆናል። ባለሙያዋ ተክሉን ከመትከሏ በፊት የጓሮዋን ጥላና ፀሐይ፣ ውሃ የሚቋጥርበትንና የሚሸሽበትን ታውቃለች።

ሥራው የሚጀምረው ከፍሬው ነው። የጌሾ ፍሬ ከአተር እምብዛም አይበልጥም፤ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ይቀላል፣ በመጨረሻም ይጠቁራል። ለዘር የሚሆነው የጠቆረው ነው። እሱን ደግሞ ወፍ ቀድሞ ያየዋል፤ ለዘር የታሰበው ቅርንጫፍ ዓይን የማይለየው ለዚህ ነው። የተለቀመው ፍሬ በውሃ ውስጥ በእጅ ይታሻል፤ ሥጋው ሲለቅ ብዙውን ጊዜ ሦስት ፍሬ ዘር ከውስጡ ይወጣል። ሥጋው ካልጠራ ይሻግታል፤ ስለዚህ ውሃው ደጋግሞ ይቀየራል፣ የሚንሳፈፈው ይደፋል፣ የሰመጠው ተሰብስቦ በጥላ ይሰጣል።

መደቡ የሙያው መፈተኛ ነው። አፈሩ ይለሰልሳል፤ የቆየ ፍግና ጥቂት የወንዝ አሸዋ ይቀላቀልበታል፤ ጓሉ በጣት ይፈረፈራል። ዘሩ ላይ የሚለብሰው አፈር ሥሥ ነው፤ ወፈር ካለ ቡቃያው ጉልበቱን መሬት ለመሰንጠቅ ብቻ ይጨርሳል። በላዩ ገለባ ይጎዘጎዛል። ውሃው ከእንስራ አይደፋም፤ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ያከማቸዋልና፤ በተበሳ ጣሳ ወይም በቅጠል ይረጫል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጌሾ እንደ ጎመን በሳምንት ብቅ አይልም፤ ባዶ የሚመስል መደብ ለሳምንታት ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ቡቃያው ሲታይ ገለባው ቀስ ብሎ ይነሣና በምትኩ ዝቅ ያለ ዳስ ይሠራለታል። ዳሱም ለዘለቄታ አይቆይም፤ ችግኙ ከመነቀሉ በፊት ቅጠሉ እየተቀነሰ፣ ውሃውም እየተራራቀ ፀሐይን ይለምዳል። በጥላና በውሃ ተንቀባሮ ያደገ ችግኝ ሜዳ ላይ ሲወጣ ይጠወልጋል።

መደብ የማያወጡም አሉ። ወፍ የበላችውን ዘር በአጥር ሥርና በዛፍ ጥላ ትጥለዋለች፤ ክረምት ሲገባ እዚያው ይበቅላል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ዓይን ነው። አረም የምታርም ሴት ከመቶ ዓይነት ቡቃያ መካከል ያችን ጥርሳም፣ አብለጭላጭ ቅጠል ለይታ ትተዋታለች፤ አፈሯን ሳትበትን ከነሥሯ አንሥታ ወደ ፈለገችበት ታዛውራታለች። ሌላው ሰው ያንኑ ቡቃያ ከአረሙ ጋር ነቅሎ ይጥለዋል።

ጉድጓዱ ዝናብ ከመጣሉ አስቀድሞ ተቆፍሮ አየር ይገባዋል፤ ችግኙ ሰኔና ሐምሌ መሬቱ ሲርስ ይተከላል። ፍግና አመድ ከሥሩ አይጠፋም፤ የእቃ እጥበቱም ውሃ እዚያው ይደፋል። ፍየልና ከብት እንዳይደርሱበት በእሾህ ይታጠራል። ቅጠሉ ደኅና አድርጎ እስኪለቀም ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በደንብ የተያዘ ጌሾ ለብዙ ዓመት ይሰጣል።

የእጁ ጥራት ከሁሉ በላይ የሚታየው በለቀማው ነው። የቸኮለ ሰው ቅርንጫፉን ከላይ ይይዝና ወደ ታች ይሸመጥጠዋል። በአንድ ጉተታ እፍኝ ሙሉ ቅጠል ያገኛል፤ ግን ልጡ ይላጣል፣ እምቡጡም አብሮ ይሄዳል፣ ቅርንጫፉ ለከርሞ ይነጥፋል። ባለሙያዋ ትቀነጥሳለች። አውራ ጣቷ ከቅጠሉ ግርጌ፣ ከአጭሯ ዘንግ ላይ ያርፋል፤ ወደ ጎን ገፋ ስታደርገው ቅጠሉ ቀጭ ብሎ ይለቃል፣ ልጡ አይነካም። የደረሰውን ትወስዳለች፤ ጫፉ ላይ ያለውን ለጋ ትተወዋለች። ከአንዱ ቅርንጫፍ ጥቂት ለቅማ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ ጨርሳ ስትሄድ ቁጥቋጦው የተለቀመ አይመስልም። ለጠጅ የሚሆነው ግንዱና ቅርንጫፉ ሲቆረጥም እንዲሁ ነው፦ ማጭዱ የተሳለ፣ ቁርጡ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ፣ ከሥሩም የሚያቆጠቁጥ ዓይን የተተወለት መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጋኑ ውስጥ ይገባል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ደርቆ የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ጥንስሱ ይጀመራል፤ ብቅሉና ቂጣው በየተራቸው ይከተላሉ። ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ በ1995 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ከቅጠሉ ምሬት ሰጪዎች አንዱን ለይተው ጌሾይዲን በሚል ስም አቅርበውታል። ጠማቂዋ በምላሷ ስትመዝነው የኖረችው ነገር እንዲህ ቤተ ሙከራ ገብቶ ቅርጹ ተጻፈ። ጌሾ ካነሰ ጠላው ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ከበዛ ደግሞ እንግዳው ዋንጫውን አጋምሶ ያስቀምጠዋል።

ተክሉ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ከካሜሩን እስከ ደቡብ አፍሪካ በዱር ይበቅላል። ለመጠጥ ብሎ ጓሮ ያስገባው፣ ትውልድ እየተቀባበለ ያሳደገው ግን በዋናነት የእኛና የኤርትራ ደጋ ነው። ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች የደረቀ ጌሾ በከረጢት ይሸጣል፤ ባሕር ማዶ ሆኖ ጠጅ የሚጥል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ከዚህ የሚሄደውን ነው።

ገበያው ለዚህ ሙያ የተለየ ዋጋ የለውም። የተቀነጠሰውም የተሸመጠጠውም በአንድ መስፈሪያ ይሰፈራል፤ ሁለቱም ዱቄት ሲሆኑ ማን ልጡን እንደላጠ አይታወቅም። ልዩነቱ የሚገለጠው በጓሮ ነው፤ አንዷ በየሦስት ዓመቱ አዲስ ችግኝ ስትፈልግ፣ ጎረቤቷ ከዚያው ከድሮው ቁጥቋጦ ለማኅበሩም ለፋሲካውም ትለቅማለች። የግብርና ባለሙያ ስለ ጌሾ ሊያስተምር ወደ ቀበሌ ሲወርድ፣ ከማኑዋሉ በፊት የሁለተኛዋን ሴት በር ቢያንኳኳ ይሻለዋል፤ ስትለቅም አንድ ጠዋት አጠገቧ ቢቆም ብዙ ይማራል።