«ክራይ»፣ ለቅሶ እና ደራሽ
ከዲኬተር፣ ጆርጂያ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ ፖሊስ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቅዳሜ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ እዚሁ ዲኬተር አንድ አፓርታማ ውስጥ ተሰብስበን ለአንዲት እናት አገር ቤት ያረፈውን ወንድማቸውን አረዳናቸው። መርዶ ሲነገር ምን እንደሚሆን ለናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሴቶቹ እሪ አሉ፤ እናትየው ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ወንዶቹም ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን አለቀስን። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት 911 ደውሎ ኖሮ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

እንግሊዝኛ ይችላሉ ተብለን እኔና አንድ ጓደኛዬ ወደ በሩ ተገፋን። ፖሊሱ «የተጎዳ ሰው አለ?» አለ። «የለም፣ ዘይ አር ክራይንግ» አልኩት። «የተነገረን ግን ሰው እየጮኸ ነው ተብሎ ነው» አለኝ። ጓደኛዬ ሊያስረዳ ሞከረ። የሴትየዋ ወንድም ሩቅ አገር መሞቱን፣ ዛሬ መስማታቸውን፣ እኛም የመጣነው... እዚህ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ለቅሶ ልንደርስ ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሊለው አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። ፖሊሱ ደግ ሰው ነበር፤ ሁኔታውን ከፊታችን አንብቦ «አይ አም ሶሪ» ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት የጠፋን ቃል እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። መሐንዲስ ስለ ቃል ምን አገባው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ለማስተርስ ዲግሪ ያጠናሁት ስለ ኮንክሪትና ብረት እንጂ ስለ ሰዋስው አለመሆኑን አምናለሁ። ይሁን እንጂ በእኛ ሙያ በአንድ ሥዕል ላይ አንድ ምልክት ሁለት ነገር እንዲያመለክት አይፈቀድም፤ ሠራተኛው ተሳስቶ ያነበበው ምልክት ሰው ላይ ይወድቃልና። ቃልም እንደዚያው ነው ባይ ነኝ።

ለመሆኑ «ክራይ» ምን ማለት ነው? ሕፃን ሲያለቅስ «ክራይ» ነው፤ ሰው ሲጮህም «ክራይ» ነው። እኛ ፉከራና ቀረርቶ የምንለው ለእነሱ «ባትል ክራይ» ነው። ድሮ በከተማ አደባባይ ደወል እየመታ አዋጅ የሚያሰማው ሰው «ታውን ክራየር» ይባል ነበር። ተኩላ ሳይመጣ መጣ እያለ የሚያታልለው እረኛ «ክራይ ዎልፍ» የሚል አነጋገር ትቶላቸዋል። እኛ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የምንለውን እነሱ ለፈሰሰ ወተት አታልቅስ ይሉታል። ነገር የሰለቸው አሜሪካዊ ደግሞ «ፎር ክራይንግ አውት ላውድ!» ይላል፤ በዚያ ውስጥ የሚያለቅስም የሚጮህም የለም።

መዝገበ ቃላት እንደሚያስረዱት ቃሉ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሲሆን ትርጉሙም መጮህ፣ መጣራት ነበር። ለማልቀስ እንግሊዞች «ዊፕ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው። «ክራይ» እንባን የጨመረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ቃሉ «ኲሪታሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ መሆኑ ይነገራል። ሮማዊው ሊቅ ቫሮ ይህን ግሥ ሲፈታው፣ «ኲሪቴስ» የሚባሉትን የሮም ዜጎች ለእርዳታ መጣራት ነው ይላል። የተጨነቀ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «ዜጎች ሆይ!» ብሎ ሲጣራ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ የትዝ አለኝ ሌላ አልነበረም፤ «ያገር ያለህ!» ነው። «የሰው ያለህ! የሕግ ያለህ!» የሚለው የእኛው ጩኸት። አንድ የሮም ሰውና አንድ የጎጃም ገበሬ ሳይተዋወቁ ሲጨንቃቸው የሚጠሩት ያንኑ የአገራቸውን ሰው ነው። ስለዚህ የ«ክራይ» ሥር ሰሚ የሚፈልግ ጥሪ እንጂ ባዶ ድምፅ አልነበረም።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አማርኛ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ድምፅ ሳይሰማ እንባ ሲወርድ ማንባት፣ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ሲሆን መንሰቅሰቅ፣ ጉሮሮ ሲዘጋ ሲቃ፣ ድምፅ ሲያይል ዋይታና እዬዬ፣ እርዳታ ሲጠራበት ኡኡታና እሪታ እንላለን። ግጥም ሲገባበት ሙሾ ይሆናል። ግእዙ «በከየ» ይላል፤ ትግርኛው «በኸየ» ይላል፤ ዕብራይስጡና ዐረብኛውም የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው። ኦሮምኛው «ቦኡ» ይላል። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ስለ ቃላት ሀብት ለመኩራራት አይደለም። አማርኛ ለቅሶን ከስሜት አውጥቶ ተቋም ያደረገበትን መንገድ ለማሳየት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሠራተኛ አለቃውን «ለቅሶ አለብኝ» ቢለው ሊያለቅስ ነው ማለት አይደለም። «ለቅሶ ቤት» የሚያለቅሱበት ብቻ ሳይሆን ድንኳን የሚተከልበት፣ ንፍሮ የሚቀመስበት፣ ካርታ የሚጫወቱበትና ዝም ተብሎ የሚቀመጡበት ቤት ነው። የእድሩ ጥሩምባ ሌሊት ሲነፋ፣ ነፊው የእንግሊዞቹ «ክራየር» ማለት ነው። እዚህ አትላንታ ጥሩምባውን ስልክ ተክቶታል፤ ድንኳኑን ደግሞ ያፓርታማው ሳሎን። የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ፎርም «ሟቹ ምንህ ነው?» ብሎ ይጠይቅና ከቅርብ ቤተሰብ ውጭ ከሆነ ፈቃድ ላይሰጥ ይችላል። የእኛ ለቅሶ ግን ምንህ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ደረስህ ወይ? ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። «ለቅሶ መድረስ» በሚለው ውስጥ ዋናው ቃል ለቅሶ ሳይሆን መድረስ ነው። አልቅስ አይልህም፤ ሟቹን ውደደው አይልህም፤ በሐሳቡ ተስማማ አይልህም፤ ድረስ ብቻ ነው የሚልህ። በዚያው ቃል የጨነቀውን ሰው «ደራሽ አጣ» እንላለን። የሚጮኸው ሰው ይጣራል፤ ደራሹ ይደርሳል። ጓደኛዬ በር ላይ ቆሞ ለፖሊሱ ሊተረጉመው ያልቻለው ይህንን ነው። «ክራይ» ጥሪውን ይዞ ደራሹን ያስቀረ ቃል ነው።

ታዲያ እኛስ ይህንን ቃል እንዴት ያዝነው? በሦስት መንገድ እንዳበላሸነው ይሰማኛል።

አንደኛው በመንግሥት በኩል ነው። በ2000 በአዋጅ ቁጥር 211 አንድ ተቋም ተቋቋመ። ሌላው ዓለም «ኦምቡድስማን» በሚለው የስዊድን ቃል ሲጠራው፣ የኛ ሰዎች «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» አሉት። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ የመሥሪያ ቤት ስም አላውቅም። ግን «ጠባቂ» ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ የሚከላከል ሲሆን ሌላው እስኪመጣ የሚጠብቅ ነው። እንባችን እንዳይፈስ የሚከላከል ነው ወይስ እስኪፈስ የሚጠብቅ? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ። በሌላ በኩል ያው መንግሥት «አስለቃሽ ጭስ» የሚባል ዕቃ አለው። አስለቃሽ በባህላችን ሙሾ እያወረደች ሐዘንተኛውን እንባ የምታወጣለት ባለሙያ ሴት ነበረች። ዛሬ በስሟ የሚጠራው በ1928 ሁለት የአሜሪካ ኬሚስቶች ያገኙት «ሲ ኤስ» እና መሰሎቹ ናቸው።

በሚያዝያ 2015 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ማረዱና መረሸኑ በቪዲዮ ሲታይ፣ መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሕዝቡ መስቀል አደባባይ ሊያለቅስ ወጣ፤ እዚያው ግጭት ተነሣና ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰበት። ለማልቀስ የወጣን ሰው በጭስ ማስለቀስ! በጥቅምት 2016 ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በተፈጠረው መረጋገጥ፣ መንግሥት ባመነው ብቻ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያም እንደገና የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ሁለተኛው «ሰቆቃ» በሚለው ቃል የደረሰው ነው። ሰቆቃ ለቅሶ ነበር፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ የነቢዩ ለቅሶ ነው፤ ሰቆቃወ ድንግልም በጽጌ ወራት የሚዜም የእመቤታችን ሐዘን ነው። ዛሬ የሰብአዊ መብት መግለጫ ስናነብ ግን «ሰቆቃ ተፈጸመበት» የሚል እናገኛለን። ቃሉ ከአልቃሹ አፍ ወጥቶ ወደ አስለቃሹ እጅ ገባ። ይህን ማንም በአዋጅ አላደረገውም፤ የኖርንበት ዘመን ነው ያደረገው።

ሦስተኛውና በጣም የሚያሳፍረኝ እኛው በየድረ ገጹ የምንጽፈው የሠራነው ነው። የማንወደው ወገን ሰዎቹ ሲሞቱበትና ሲናገር ምን እንላለን? «ያላዝናል» እንላለን። ማላዘን በተለምዶ የውሻ ነው። «አልቃሻ» እንላለን፤ ይህም የሚነጫነጭ ሕፃን ስም ነው። «የአዞ እንባ» እንላለን። እዬዬም ሲደላ ነው የሚለውን ያባቶችን ቁጭት እንኳ መሳለቂያ አደረግነው። ከኅዳር 2020 ጀምሮ የሆነውን አስታውሱ። ማይካድራ፣ አክሱም፣ ጭና፣ ቶሌ። እነዚህን አራት ስሞች አንድ በአንድ ስታነቡ ልባችሁ እኩል ደነገጠ? ወይስ ለአንዱ እንባ መጥቶ ለሌላው «ማስረጃው የት አለ?» የሚል ቃል ቀድሞ መጣ? እኔ ራሴን ጠይቄ ያገኘሁትን መልስ አልወደድኩትም።

አንዳንዱ «ገዳይና ሟች፣ በዳይና ተበዳይ እኩል ሊለቀስላቸው ነው ወይ?» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፍርድና ለቅሶ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍርድ ማን ገደለ ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቅም አለበት። ለቅሶ የሚጠይቀው ማን ሞተ ብሎ ነው። አባቶቻችን ደም ለመመለስ ከማይታረቁት ቤት እንኳ ሽማግሌ የሚልኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛውን እንዳይውጠው ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር። በሩ ላይ አብሮኝ ቆሞ ቃል የጠፋው ያ ጓደኛዬ የትግራይ ልጅ ነው። እኔ የወሎ ነኝ። በ2021 የአክስቴ ልጅ ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ሞተ። ጓደኛዬ አልመጣም፤ አልደወለምም። ቂም ያዝኩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 ተፈርሞ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጥቅምት 2023 ትግራይ ውስጥ ለወደቁት ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ በይፋ ተነገረ፤ ከጥቅምት 14 እስከ 16 የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሰሞን ተረዳ። ከመርዶዎቹ አንዱ የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ፤ አንድ ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ከተማውን ያዞረኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልሄድኩም። ሁለተኛውንም አልሄድኩም። የኛ ሰዎች ምን ይሉኛል አልኩ። የነሱ ሰዎች ምን ይሉኛል አልኩ። ወንድሙ በየትኛው ግንባር እንደ ወደቀ አሰላሁ፤ ወሎ ይሆን? ይህን ሳሰላ ራሴን ያዝኩት። ለቅሶ ለመድረስ ፎርም እያስሞላሁ ነበር። ያ «ሟቹ ምንህ ነው?» የሚለውን የመሥሪያ ቤት ፎርም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከቤቴ ሁለት ማይል የማትሞላውን መንገድ ነድቼ በሩን አንኳኳሁ። ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ቀና ብለው አይተውኝ ዝም አሉ። ጓደኛዬ ተነሣ። ለምን መጣህ አላለኝም። «ዘገየህ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም «እኔም አልደረስኩልህም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ያደረግነውን በእንግሊዝኛ «ክራይ» ይሉታል። ሌላ ምንም አልተነጋገርንም። ስለ ጦርነቱ ዛሬም አንስማማም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያህል ያደከምኳችሁ ፖለቲካችሁን ተዉ ለማለት አይደለም። ፍትሕ ይጠየቅ፤ ማስረጃ ይሰብሰብ፤ ተጠያቂው ይጠየቅ። በዚህ መሐል ግን በዲኬተርም ይሁን በክላርክስተን፣ በዋሽንግተንም ይሁን በሚኒያፖሊስ፣ ከናንተ ጥቂት ማይል ርቀት ላይ በር ዘግቶ የሚያለቅስ የሌላ ወገን ሰው አለ። አልቅሱለት አልልም፤ እንባ በትእዛዝ አይመጣም። ቋንቋችንም የጠየቀን መድረስን እንጂ እንባን አይደለም። ያገር ያለህ እያልን ስንጮኽ የምንጠራው ማንን እንደሆነ ካላወቅን፣ እኛ ስንጮኽ ማን ይደርስልናል?

ለሞቱት ሁሉ ነፍስ ይማር። ለቀሩት ጽናቱን ይስጥ። ቸር ያሰማን።