ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

ቤት ውስጥ ሬስሊንግ ከተከፈተ አንድ ሰው ማለቱ አይቀርም፤ “ይሄ እኮ ውሸት ነው! ተነጋግረው ነው የሚደባደቡት!” እኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ። ባለፈው ግን የእህቴ ልጅ አፌን አስያዘኝ። “ጋሼ፣ ቲያትርስ ተነጋግረው አይደል እንዴ የሚሠሩት? ለሱ ለምን ያጨበጭባሉ?”

ስንት ዓመት ድራማ ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ ዝም አልኩ። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሬስሊንግ ስፖርት ሳይሆን ትርዒት ነው ብሎ መጻፉን ለተማሪ ስተነትን ኖሬ፣ ሳሎኔ ስገባ ረሳሁት ማለት ነው።

ለልጁ ያልመለስኩትን ለእናንተ ልመልስ። ጃፓኖች የሬስሊንጋቸው አባት የሚሉት ሪኪዶዛን የሚባል ሰው አለ። የመጣው ከሱሞ ነው። ከላይ ሦስተኛ እስከሆነው ማዕረግ፣ እስከ ሴኪዋኬ ደርሶ፣ በ1950 የሱሞ ታጋይ መለያ የሆነውን ቋጠሮ ፀጉሩን በገዛ እጁ ቆርጦ ወጣ። በ1951 ሬስሊንግ ጀመረ፤ ሃዋይና አሜሪካ ሄዶ ሙያውን ተማረ፤ ተመልሶም በ1953 የጃፓንን የሬስሊንግ ማኅበር አቋቋመ።

ስሙ የገነነው በፌብሩዋሪ 1954 ነው። ጃፓን በጦርነቱ ከተሸነፈች ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የአሜሪካ ጦር አስተዳደር ካበቃ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሪኪዶዛን ከጁዶው ሻምፒዮን ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ተጣምሮ፣ ቶኪዮ ላይ ሻርፕ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ ወንድማማቾችን ገጠመ። ቴሌቪዥን ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ስለሆነ በየቤቱ የለም። ሕዝቡ አደባባይ ላይ በተተከሉት ቴሌቪዥኖች ፊት ተኮልኩሎ አየ። ሪኪዶዛን በመዳፉ ጠርዝ የነጮቹን ደረት ሲሸነቁጥ አገር ጮኸ። የተሸነፈ ሕዝብ ለአንድ ምሽት አሸነፈ።

ወሬው የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካን ሆነው የተደበደቡት ሻርፕ ወንድማማቾች አሜሪካዊ አልነበሩም፤ ካናዳውያን ናቸው። የጃፓንን ክብር ያስመለሰው ጀግናም ጃፓናዊ አልነበረም። ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በሚባለው ምድር በ1924 የተወለደ፣ ኪም ሲን ራክ የሚባል ኮሪያዊ ነው። ያኔ ኮሪያ የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች። መዝገብ ላይ ግን የናጋሳኪው ልጅ ሞሞታ ሚትሱሂሮ ተብሎ ተጻፈ።

እንግዲህ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ምቱ ላይ? ምቱስ ስምምነት ቢኖርበትም ያማል። ውሸቱ ያለው ተመልካቹ ካልተዋሸሁ አላይም ያለው ነገር ላይ ነው፤ ባንዲራው ላይ። ኮሪያዊን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሕዝብ ኮሪያዊ እንዲያድነው አይፈልግማ! ስለዚህ ሰውዬው የተወለደበትን አገር እየደበቀ የአሳዳጊውን አገር ኩራት ተሸከመ።

መልአክ ላደርገው ግን አልፈልግም። ባልደረባው ኪሙራ የዋዛ ሰው አይደለም፤ በ1951 ብራዚል ድረስ ሄዶ ኤልዮ ግሬሲን ክንዱን ጠምዝዞ ያሸነፈ ነው። በሬስሊንጉ ግን የሪኪዶዛን አዳማቂ ሆኖ ቀረ። የምር ቢሆን አልሸነፍለትም ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ዲሴምበር 22 ቀን 1954 ተጋጠሙ። ኪሙራ በኋላ እንዳለው ስምምነቱ አቻ ሊወጡ ነበር። መሃል ላይ ሪኪዶዛን፣ ብሽሽቴን መታኝ ብሎ፣ የምር ምት ያወርድበት ጀመር። ኪሙራ ፊቱ ደም ለብሶ ወደቀ።

በዚያ መድረክ ላይ ጎልቶ የታየው “እውነት” ይኼ ነው፤ እሱም ክህደት ነበር። “ውሸት ነው” ለምንል ሰዎች ትምህርት ይመስለኛል። እኛ ውሸት የምንለው ነገር ሌላው ስሙ እኮ መተማመን ነው። አንዱ አንገቱን ይሰጣል፤ ሌላው ይዞ አይሰብረውም።

ሪኪዶዛን በሜይ 1963 ዘ ዴስትሮየር ከሚባለው አሜሪካዊ ጋር ሲገጥም በቴሌቪዥን 64 በመቶ ተመልካች አገኘ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ሴኡል ደርሶ ተመልሷል፤ ጃፓን ውስጥ ግን እምብዛም አልተወራለትም። ዲሴምበር 8 ቀን ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ አንድ የያኩዛ ሰው በጩቤ ወጋው፤ በሳምንቱ ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር። አብዛኛው ሕዝብ የትውልዱን ነገር የሰማው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ከዚያማ ሁሉም ተሻማበት። ሰሜን ኮሪያ ጀግናዬ አለችው፤ በ2004 ደግሞ በስሙ የተሠራ የደቡብ ኮሪያ ፊልም ወጣ። ደቀ መዝሙሩ አንቶኒዮ ኢኖኪ በኤፕሪል 1995 ሬስለሮች ይዞ ፒዮንግያንግ ገባ፤ መምህሩ ስሙን ወደማይጠራት አገር። ለእኔ ከዚያ ሁሉ ግጥሚያ የሚበልጠው ይህ ጉዞ ነው።

ይህን ሳስብ አንድ የድሮ ተማሪዬ ትዝ ይለኛል። ስም ስጠራ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው “አቤት” የሚለው። ጆሮው የደከመ መስሎኝ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። በኋላ ነው ቢሮዬ መጥቶ፣ ከተማ ሲገባ እንዳይሳቅበት ስሙን እንደቀየረና አዲሱን ገና እንዳልለመደው የነገረኝ። እኔም ማጽናናቴ ነበር፤ “አይዞህ፣ አዲሱ ያምርብሃል” አልኩት።

የድሮውን ግን አልጠየቅኩትም። ይኸው እስከ ዛሬ አላውቀውም።